በማፍጠሪያ ሰዓት የተለካው ፍጥነት

ጋሽ ሙክታርን ያወቅሁት ካሴት ሲያከራይ ነው። ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ የግንቡ ጥላ የሚያርፍባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ይመስለኛል የከፈታት። እኔ ያኔ እናቴ ታማብኝ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ፣ ከሰፈሬ እየወረድኩ ሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ሳልፍ «እህቴ፣ ይቺን ሱቅ ጥረጊልኝ» አለኝ። ጠረግኩለት። በማግስቱም «ነይ» አለኝ፤ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልፈለግኩም። ብፈልግም አገኝ ነበር አልልም።

ሙክታር የጀጎል፣ የግንቡ ውስጥ ልጅ ነው። አባቱ ፈረስ መጋላ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ወንድሞቹም ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ከጨርቁ የወጣው እሱ ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ መጣ ሲባል ምሳውን ጥሎ የሚሄድ ሰው ነበር። በሸዋ በር አካባቢ ዲሽ ከተከሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። ለዓለም ዋንጫ ሱቁ ስለማትበቃ ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ አዙሮት፣ ሰው ዝናብ እየመታው ሲያይ አመሸ። በማግስቱ ጭቃውን ሳጥብ እሱ አጠገቤ ቆሞ «አየሽ በለጡ? ዓለም እዚህ ድረስ መጣች» ይለኝ ነበር። እኔ የማየው ጭቃውን ነው።

«ጋሽ» ስለው ዝም ይላል፤ አንቱ ስለው ግን ይቆጣል። «አቦ፣ ሽማግሌ አታድርጊኝ!» ይለኛል። ስለዚህ አንተ እለዋለሁ። ሚስቱን እትዬ ሳፊያን ግን አንቱ ነው የምላቸው። እሳቸው አይቆጡም።

እትዬ ሳፊያ በጀጎል ውስጥ የአንድ አፎቻ ሰብሳቢ ናቸው። አፎቻ የሴቶች መረዳጃ ነው፤ ሠርግ ሲሆን፣ ሰው ሲሞት አብረው ይቆማሉ። ሐረር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣም ቀን ከታች ያሉት ቤቶች ቧንቧ ከከፈቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ላለ ቤት አይደርስም። ለቅሶ ወይም ሠርግ ያለበት ቤት ዳገት ላይ ከሆነ ሴቶቹ በየበሩ ይዞራሉ። «የእነ እገሌ ቤት እስኪሞላ ዝጉ» ይላሉ። ሰዉ ይዘጋል። ያለ ወረቀት፣ ያለ ጥበቃ ይዘጋል። እትዬ ሳፊያ በር ላይ ቆመው ሲያዩት የማይዘጋ ሰው አላውቅም።

ሙክታር ካሴቱ ሲሞትበት፣ በ1996 ይመስለኛል፣ ሱቁን አስፍቶ ኢንተርኔት ቤት አደረጋት። ኮምፒውተሮቹ በስልክ ገመድ ነበር የሚሠሩት። ሊገናኙ ሲሉ ጉሮሮዋን እንደተያዘች ዶሮ ይጮኻሉ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እሱ ግን ገና ሥራ ሳይጀምር በሩ ላይ «ሐረር ፈጣን ኢንተርኔት» ብሎ አስጽፎ ነበር።

ከጎናችን ለገሠ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። አያቶቹ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች ወገን ናቸው፤ ምላሱም እንደ መቀሱ ነው። መኪናውን እየረገጠ በግድግዳው በኩል ይጮኻል።

«ሙክታር! ያ ገጽ ተከፈተ ወይስ ይህን ሱሪ ልጨርስ?»

«ጨርስ፣ ጨርስ!»

«ሱሪው ካለቀ ቆየ። አሁን ኮቱን ይዣለሁ።»

«ቆይ ብቻ! አንድ ቀን ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ትቀድማለች። ያኔ ምን እንደምትል አያለሁ።»

«ያኔ ዓይኔ ክር ማስገባት አይችልም።»

ሲስቁ እኔም እስቃለሁ። ሙክታር ግን እየሳቀም ከልቡ ነበር። ፍጥነቱን የሚለካ ነገር አስመጥቶ በዋናው ኮምፒውተር ላይ አደረገ። ስትጫኚው አንድ መርፌ እንደ መኪና ሰዓት ይዞራል፣ ሲቆም ቁጥር ያሳያል። እኔንም አስተማረኝ። ደንበኛ «ዘገየ» ብሎ ሲያማርር ተጭኜ ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። ትልቅ ሲሆን ሙክታር ፊቱ እንደሚፈታ፣ ትንሽ ሲሆን ምሳ እንደማይበላ ግን አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ተማሪው ቀረ፣ ቀጥሎ ነጋዴው ቀረ። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ሸፈንኳቸው፤ አቧራ እንዳይገባ። እትዬ ሳፊያ ሱቅ ድረስ መጥተው እንደ ሬሳ የተሸፈኑትን አዩና፦

«ጀናዛ ነው የምትጠብቀው?» አሉት። «ወንድሞችህ ጋ ግባ። ጨርቅ አያረጅም።»

«ይህችን ሱቅ አልዘጋም» አለ።

«ማን ዝጋ አለህ? ራሷ እየተዘጋች ነው እንጂ።»

ሱቋ ከተዘጋች እሱ ከወንድሞቹ ባንኮኒ ጀርባ ገብቶ ክንድ እየለካ ሊሸጥ ነው። እኔም ሃምሳ ዓመት ሳይሞላኝ ወደ ሰው ልብስ ልመለስ ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ አናወራውም እንጂ።

በ2007 ሚያዝያ ላይ መንገዱ ተቆፍሮ አዲስ መስመር ተዘረጋ። ውስጡ መስታወት ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት አሉ። ሙክታር ከሁሉ ቀድሞ አስገባ። ገጾቹ እውነትም ይከፈቱ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቅ ውስጥ ሲያፏጭ ከረመ። ደንበኛው ግን አልተመለሰም።

ረመዳን የገባው ሰኔ ውስጥ ነው። በረመዳን ሙክታር ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ለማፍጠር ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በዚያ ሰዓት ሸዋ በር ሰው የለበትም። ባጃጁ ይቆማል፣ ሳምቡሳ የሚሸጡት እንኳ ትሪያቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። አዛን ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ነው።

አንድ ቀን በዚያ ሰዓት አማኑኤል ገባ። አማኑኤል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው፤ ያደገው ከእኛ ሰፈር በታች ስለሆነ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ዜና ሊልክ ቸኩሎ ነበር። ፋይሉን ሲጫነው ወዲያው ሄደ። ደንግጦ ዞረ።

«እትዬ በለጡ፣ ምንድን ነው ይሄ? ሄደ እኮ!»

«ታዲያ ሊሄድ አይደል የላክኸው?»

«ፍጥነቱን እስቲ ለኪው።»

ተጫንኩት። መርፌው ተነሣ፤ እኔ ወደማውቀው ቦታ ሲደርስ አልቆመም። ዞሮ ዞሮ ወዲያኛው ጫፍ ሊደርስ ሲል ቆመ። ዘጠና ስድስት ይላል። የተበላሸ መሰለኝ። «ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩት። ያው ነው። አማኑኤል ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ፎቶ አነሣ። ያን ምሽት ፌስቡክ ላይ «ሐረር ክብረ ወሰን ሰበረች» ብሎ አወጣው። እስከ ጠዋት ሰዉ ሁሉ አየው።

በማግስቱ መቅረጫውን ይዞ መጣ። ሙክታር ከደስታ ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶታል።

«ጋሽ ሙክታር፣ በአገራችን እንዲህ ያለ ፍጥነት ሲመዘገብ ሰምተን አናውቅም። ይህ አንዳንዴ የሚገኝ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ ነው! ዋላሂ፣ ሁልጊዜ ነው!» አለ።

አምኖ ነው የማለው። አዲሱ መስመር ከገባ ጀምሮ ገጽ ሲከፈት ያይ ነበር፤ በየሰዓቱ ግን ለክቶ አያውቅም። መሐላው በሬዲዮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንደ ዓውደ ዓመት ነበር። ሰው ከመንገድ ማዶ እጁን እያነሣ «ማሻአላህ ሙክታር!» ይለዋል። ባጃጅ ነጂዎች ሒሳብ አንቀበልህም አሉት። ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ወሬው እሱ ብቻ ነው።

«ናይሮቢ እንኳ የላትም አሉ።»

«ናይሮቢን ተዋት፣ ድሬዎች ምን ይላሉ?»

«ድሬዎች ስልካቸውን ዘግተው አልቅሰዋል።»

«እኔ ጅጅጋ ያለ አማቼ ደውሎ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩት።»

ለገሠ ሳይቀር ዝም አለ። አንድ ቀን ብቻ በግድግዳው በኩል «ሙክታር፣ ቀስ እያልክ ክፈተው፤ ነፋሱ የመርፌዬን ክር ወሰደብኝ» አለ። ሙክታርም ሙሜ የሚባለውን ጽሑፍ ጻፊ ጠርቶ የሱቁን ግድግዳ አስቀባ። በአረንጓዴና በቀይ «በአገሪቱ ፈጣኑ መስመር፣ 96 ሜጋ» ተባለ። ቁጥሩ ቁመቱ እኔን ያህላል።

ከዒድ በኋላ ከአንድ ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። በከተማው ለወጣቶች የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሊከፈት እንደሆነ ነገሩን። ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ፍጥነቱን በዓይናቸው ያያሉ፤ ከተረጋገጠ ማሠልጠኛው እዚሁ፣ በሙክታር ቤት ይሆናል። ሱቁ ይሰፋል፣ የጓሮው ክፍል ይጨመራል። እኔንም አንደኛው «እርስዎም ይቀጥላሉ» አለኝ። ሙክታር ያን ቀን የኮምፒውተሮቹን ጨርቅ ራሱ ገፈፈ።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ዕፀገነት የምትባል መሐንዲስ ቀድማ ደረሰች። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ጥሩ ሰው። ዕቃዋን ዘርግታ ስትለካ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የበርጫ ሰዓት። ጫት የሚቅም ሁሉ ስልኩን ይዞ የተቀመጠበት ሰዓት። ቁጥሩ አሥራ አንድ መጣ። ደግማ ለካች። ዘጠኝ።

ሙክታር «ገመዱን ነቅለሽ ሰኪው» አላት።

ነቅላ ሰካች። ከዚያ ዞር አለችና፦

«ጋሼ፣ ዘጠና ስድስቱ የተለካው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ሙክታር ወደ እኔ አየ።

«ሲያፈጥሩ ነው» አልኳት። «አዛን እንዳለ።»

ዕፀገነት ሳቋ መጣ፤ የሙክታርን ፊት ስታይ ግን ዋጠችው።

«ከተማው በሙሉ የሚወጣው በአንድ መስመር ነው» አለች ቀስ ብላ። «በዚያ ሰዓት ሰዉ ሁሉ ቴምር ይዟል፤ ስልክ የያዘ የለም። መስመሩ ለብቻችሁ ነበር። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሁልጊዜ አይደለም።»

ሙክታር ተቀመጠ። ከዚያ «እኔ እኮ በአላህ ምያለሁ» አለ። ተነሥቶ ስለ መሐላው ሊጠይቅ ሼሁ ጋ ሄደ።

እሱ ሼሁ ጋ እያለ እትዬ ሳፊያ መጡ። ዕፀገነት ደግማ አስረዳቻቸው። እትዬ ሳፊያ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም፤ ግን ገና ሳትጨርስ ገባቸው።

«ውኃ ነው በይኛ» አሉ።

«እንዴት?»

«ከታች ሲከፍቱ ከላይ አይደርስም። ከታች ከዘጉ ይደርሳል።»

«አዎ» አለች ዕፀገነት። «እንደዚያው ነው።»

«እንዘጋዋለና! የነገ ሠርግ የእኛ ነው።» ወዲያው ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ።

ያን ምሽት የአፎቻው ሴቶች ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር በየቤቱ ዞሩ። «ነገ እንግዶቹ እስኪሄዱ ዳታ ዝጉ። ስልክ አታጥፉ፣ ዳታውን ብቻ» ይላሉ። ዘቢባ የሚባሉ አሮጊት ዳታ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ስልካቸውን በሻሽ ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ካለው መደርደሪያ፣ ከሳሕኖቹ ኋላ ደበቁት። ስልካቸው ጫፉ ላይ መብራት ያለው፣ ኢንተርኔት የሚባል የማያውቅ ዓይነት ነው። ለገሠ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ በኩል ያሉትን ዞረ። ለሐኪም ጋራ ሰዎች እኔ ነገርኩ። አንድ ጎረቤቴ «እኛ ምን እናገኛለን?» አለኝ። ምን እንደምለው ስላላወቅኩ «ሐረር ናት እኮ» አልኩት። «እሺ» አለ። እኔም ገረመኝ።

ሙክታር ማታውን ወደ ሱቅ ሲመለስ በሩን ልዘጋ ነበር።

«ሼሁ ምን አሉህ?» አልኩት።

«አምነህ ከማልክ የለብህም አሉኝ።»

«ታዲያ ተገላገልክ።»

«ዛሬ ግን አውቀሃል አሉኝ። ነገ ብትደግመው ሌላ ነው አሉኝ።» ቁልፉን ከእጄ ተቀበለ። «ነገ ማንም እንዳይጠይቀኝ ነው እንጂ የምለምነው።»

እትዬ ሳፊያ ያደረጉትን ነገርኩት። መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። ሱቋን ዞሮ አያት። «ከጠየቁኝ ዝም እላለሁ» አለ። ዝም ማለት የሚቻል መስሎት ነበር።

እንግዶቹ በጠዋት ይደርሳሉ ተብሎ መንገድ ላይ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ያዛቸው። ዝናብ እየጣለ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ ጠበቀ። ሰዓቱ ሄደ። ዳታ የዘጋው ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ።

«እትዬ ሳፊያ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ቃሊቲ የገባሁ መሰለኝ እኮ!» ይላል አንዱ ባጃጅ ነጂ።

«ዝጋ!»

«ጨዋታ አለ ዛሬ፣ ውጤቱን ብቻ!»

«ውጤቱ አንተን ይጠብቅሃል። ዝጋ!»

እንግዶቹ ሲደርሱ የበርጫ ሰዓት ገብቶ ነበር። ከሁሉ የከፋው ሰዓት ማለት ነው። ጫት ቤቶቹ ሳይቀሩ ዘግተው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ፤ ሰዎቹ ስልካቸውን መሐል ላይ ደርድረው እርስ በርስ ሲጠባበቁ ነበር አሉ።

ሱቁ ሞላ። ትልቁ እንግዳ ወፍራም ሽማግሌ ናቸው፤ ሱፋቸው ረጥቧል። ግድግዳው ላይ ትልቅ መጋረጃ ተሰቅሎ ኮምፒውተሩ እዚያ ላይ ይታያል። ዕፀገነት ተጫነችው። መርፌው ተነሣ። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዘጠና ስምንት።

እልልታው በደጅ በኩል ነው የጀመረው። ከዚያ ጭብጨባ። አማኑኤል «ክብረ ወሰኑ እንደገና ተሰበረ!» እያለ መቅረጫው ላይ ይጮኻል። አንዱ ባንዲራ አነሣ። ለገሠ ሙክታርን አቅፎ ሲያነሣው አየሁ፤ ጉንጩ ረጥቧል፣ ዝናብ ይሁን ሌላ አላውቅም። ሃያ ዓመት በዚያ ግድግዳ የተሳሳቁ ሰዎች ናቸው። እኔም አጨበጨብኩ። መጥረጊያው ወደቀብኝ።

ትልቁ እንግዳ ማይኩን ያዙ። ስለ አገር፣ ስለ ወጣቱ፣ ወደ ኋላ ስላለመቅረት ተናገሩ። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ከዚያ ወደ ሙክታር ዞሩ።

«አቶ ሙክታር፣ እስቲ በአንደበትዎ ለሕዝቡ ያረጋግጡልን። ይህ ፍጥነት የዘወትር ነው አይደል?»

ማይኩን ሰጡት። ሙክታር ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ሰው መሳቅ ጀመረ፤ አፍሮ ነው ብለው።

«ንገራቸው እንጂ!» አለ ለገሠ።

እትዬ ሳፊያ በሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው «አዎ በል» ይሉታል። ሙክታር አያቸው። ከዚያ ኮምፒውተሮቹን አየ።

«አይደለም» አለ።

እንግዳው ያልሰሙ መስለው ጆሯቸውን አቀረቡ።

«የዘወትር አይደለም። በረመዳን የተለካው ሰው ሲያፈጥር ነው፤ እኔ ሳላውቅ ምዬበታለሁ። ዛሬ ደግሞ ሰዉ ለእኛ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ዘግቶ ነው። በሌላው ቀን በዚህ ሰዓት ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ነው። ይኼው ነው።»

የቢሮው ሰዎች መሬት መሬቱን አዩ። እንግዳው ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሳቅ ብለው ማይኩን ተቀበሉና «እንዲህ ያለ ተባባሪ ሕዝብ ያለው ከተማ የት ይገኛል!» አሉ። ጭብጨባም አገኙ። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ምስል ሊታይ ነበር። መጋረጃው ላይ አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ውድ የሐረር» ሲል፣ በደጅ ያለው ሰው ከአሁን በኋላማ ምን ቀረ ብሎ ዳታውን ከፈተ። ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። እንግዶቹ ሲወጡም አፉ አልተዘጋም ነበር።

እትዬ ሳፊያ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው?»

«ጠየቁኝ እኮ ሳፊያ።»

«የጠየቁህን ሁሉ ትመልሳለህ? እኔ ስንት ጊዜ ጠይቄህ መልሰህልኝ ታውቃለህ?»

ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን በእኔ እጅ ይልኩለት ነበር እንጂ አያናግሩትም። የአፎቻው ሴቶችም ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሒሳብ መቀበል ጀመሩ። ማሠልጠኛው ሌላ ቦታ ተከፈተ።

በሬዲዮ የወጣው ግን ዘጠና ስምንቱ ብቻ ነው። እልልታው አለ፣ የእንግዳው ንግግር አለ፤ የሙክታር መልስ የለም። ከሩቅ ያለ ሰው እየደወለ «ኩራታችን ነህ» ይለዋል። በደወሉለት ቁጥር ይብስበታል። አማኑኤል ጋ ሄዶ ቀሪውንም እንዲያወጣው ለመነው።

«ጋሽ ሙክታር፣ ጊዜ አልበቃም እኮ።»

«አሁን አለህ። አሁን አውጣው።»

«ሰዉ ደስ ብሎታል። ምን አደረገህ ደስታው?»

ሙክታር ተመለሰ። «ሰዉ የሚሰማው እኔ ዋላሂ ስል ብቻ ነው» አለኝ። «የመጀመሪያውን ሰምቷል፣ ሁለተኛውን ቆርጠውበታል።»

በማግስቱ ስገባ የለገሠን መሰላል ግድግዳው ላይ አቁሞ፣ የሙሜን የተረፈ ቀይ ቀለም ይዞ ላይ ወጥቶ ነበር። ሊያጠፋው ነው ብዬ ነበር። ለገሠም ወጥቶ መሰላሉን ያዘለት፤ «ወድቀህ ሁለተኛ ክብረ ወሰን እንዳትሰብር» እያለ። ሙክታር ያለውን አልነካም። ከቁጥሩ ሥር በራሱ እጅ «በማፍጠሪያ ሰዓት» ብሎ ጻፈበት። ጽሑፉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ሲወርድ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ ነበር።

የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያነብ ጀመር። ይስቃሉ፤ ፎቶም ያነሣሉ። በሦስተኛው ቀን ምሳውን እኔ ሳልሆን እትዬ ሳፊያ ራሳቸው ይዘው መጡ። ሳሕኑን አስቀምጠው ወጡና ግድግዳውን አዩ። ብዙ ቆመው አዩት።

«ፊደሉ ተጣሟል» አሉ።

«መሰላሉ ነው» አለ ሙክታር።

«መሰላሉ አይደለም። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሱቋ እንደ ድሮው አልቆየችም። በ2009 ግማሿን ለገሠ ወስዶ ሁለተኛ መኪና አስገባባት። ከኮምፒውተሮቹ ሁለት ቀርተዋል። ፎቶ ኮፒ አለን፣ የሞባይል ካርድ አለን፤ ሙክታር ሦስት ቀን ወንድሞቹ ጋ ክንድ ይለካል፣ በተረፈው ቀን እዚህ ነው። እኔም አለሁ። ልብስ ማጠቡ በከፊል ተመልሷል፤ ጉልበቴ እስከቻለው።

በዚህ ዓመት፣ በ2010 ረመዳን፣ ሊያፈጥር ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና «በለጡ፣ እስቲ አዛን ሲል ለኪው» አለኝ። ለካሁት። ሲመለስ ቁጥሩን ነገርኩት። ከድሮው ይበልጣል። ራሱን ነቀነቀ፤ ለማንም አልነገረም። እኔም ወንበሮቹን አስገብቼ በሩን ዘጋሁና ወደ ሐኪም ጋራ ወጣሁ፤ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነበር።